የሊቲየም ባትሪ ብልሽት፦ በድሬዳዋ ሙቀት ምን ይጠገናል፣ ምን ይወገዳል?

ድሬዳዋ፦ በድሬዳዋ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶችም ሆነ በነዋሪው ቤት ዛሬ በሊቲየም ባትሪ የማይሠራ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። የእጅ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው ፓወር ባንክና በቻርጅ የሚሠራው የእጅ መብራት ሁሉም የኃይል ምንጫቸው ይኸው ባትሪ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከኪስ ዕቃ አልፎ የተሽከርካሪ ጉዳይ ለመሆን በቅቷል።

የባትሪው ዓይነት ቢለወጥም በብልሽት ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ግን በአብዛኛው የቀድሞውን ባትሪ ልማድ የተከተለ ሆኖ ይታያል። በአገራችን የባትሪ ድንጋይ እየተባለ የሚጠራው ደረቅ ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ጊዜ እንዲያገለግል ማድረግ ብዙዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ዘዴ ነው። ዘዴው ለደረቁ ባትሪ መጠነኛ ጥቅም ነበረው፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ለጊዜው ያነቃቃዋልና። ለሊቲየም ባትሪ ግን ከዚህ የከፋ ምክር ሊሰጥ አይችልም። በተመሳሳይ ሁኔታ ባትሪውን እስኪያልቅ ድረስ ተጠቅሞ ከዚያ በኋላ ብቻ ኃይል መሙላት የሚለው ምክር ለቀድሞው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የተሰጠ እንጂ ለሊቲየም የሚሆን አይደለም።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ወራት የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ የተለመደ ሲሆን፣ በፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚህ እጅግ የላቀ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ለሊቲየም ባትሪ ኃይል መሙላት የሚፈቅዱት ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ባለው የሙቀት መጠን ውስጥ ነው። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ ራሱም ስለሚሞቅ፣ በቀትር በ35 ዲግሪ አየር ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ዕቃ ለተፈቀደው ጣሪያ የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ነው። በመሆኑም በአዲስ አበባ ያለ ችግር የሚያገለግል ፓወር ባንክ በድሬዳዋ በቀትር ግማሽ ሞልቶ ቢያቆም ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የመከላከያ ክፍሉ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ማታ ወይም ማለዳ ሲሞከር በትክክል ከሞላ ጥገና አያስፈልገውም።

የብልሽቱን ምንጭ ለመለየት ጥቂት ቁጥሮችን ማወቅ በቂ ነው። የተለመደው የሊቲየም አዮን ሴል መጠሪያ ቮልቴጁ 3.6 ወይም 3.7 ሲሆን ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ወደ 3 ቮልት ሲወርድ ባዶ ሆኗል ይባላል። በተሽከርካሪና በፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች በብዛት የሚገኘው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል ደግሞ መጠሪያው 3.2፣ ሙሉ ሲሆን 3.65 ቮልት ነው። የሁለቱን ቻርጀር ማቀያየር አንዱ የብልሽት መነሻ ነው፤ ለፎስፌቱ ሴል 4.2 ቮልት መስጠት ከመጠን በላይ መሙላት ነውና።

በላፕቶፕ፣ በፓወር ባንክ፣ በእጅ መብራትና በኤሌክትሪክ ብስክሌት ውስጥ ከሚገኙት ሴሎች ብዙዎቹ 18650 የሚል መጠሪያ ያላቸው ናቸው። ቁጥሩ የሚያመለክተው አቅምን ሳይሆን መጠንን ነው፤ ይኸውም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሲሆን የመጨረሻዋ ዜሮ ሴሉ ክብ ቅርጽ ያለው መሆኑን ትገልጻለች። የዚህ መጠን ሴል ትክክለኛ አቅም በአብዛኛው ከ2 ሺህ 500 እስከ 3 ሺህ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በምትታወቀው የታይዋን ገበያም ሆነ በሌላ ስፍራ 9 ሺህ 900 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የዚህ መጠን ሴል ያገኘ ገዢ ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ ሊያውቅ ይችላል። ሚዛን ካለ ደግሞ ማረጋገጫው ይቀላል፤ ደህናው ሴል 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ በእጅጉ የቀለለው በውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ሴል የማይበቃው መሣሪያ ሴሎችን በተከታታይ በማያያዝ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል። 20 ሴሎች ሲቀጣጠሉ 72 ቮልት የሚባለው የተሽከርካሪ ባትሪ ይገኛል፤ ሙሉ ሲሆን 84 ቮልት ይደርሳል። ከ60 ቮልት በላይ የሆነ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ለሰው አደገኛ ከሚባለው ወገን የሚመደብ በመሆኑ፣ ይህን ባትሪ እንደ ቀድሞው ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ በባዶ እጅ መነካካት አይቻልም። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች ሌላም ጠባይ አላቸው። በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ጅረት አንድ ነው፤ በመሆኑም ከ20ዎቹ አንዱ ከደከመ ሌሎቹ ጤነኞች ቢሆኑም መሣሪያው የሚቆመው በደካማው ልክ ነው። 72 ቮልት የሚለው ባትሪ ሙሉ ተብሎ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ሲቆም በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ይህ ነው።

የከፍተኛ ኃይል መሣሪያ በሴል ላይ የሚያደርሰውን ጫና በግልጽ የሚያሳየው ግን ከተሽከርካሪው ይልቅ በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ በተለምዶ ቬፕ የሚባለው ነው። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ምርት ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ሆኖም በውስጡ ያለው ሴል ይኸው በፓወር ባንክ ውስጥ ያለው 18650 በመሆኑ፣ በውጭ አገር በመሣሪያው ላይ የደረሰው አደጋ ለሌላውም ዕቃ ትምህርት ይሆናል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.አ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ከ2009 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በመገናኛ ብዙኃን የተዘገቡ 195 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቃጠሎና ፍንዳታዎችን መዝግቧል። ከእነዚህም 61ዱ ዕቃው በኪስ እያለ፣ 60ው በአገልግሎት ላይ፣ 48ቱ ደግሞ ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ የደረሱ ናቸው።

ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። የመሣሪያው የማሞቂያ ሽቦ 0.2 ኦም ቢሆን፣ 4.2 ቮልት ያለው ሴል 21 አምፔር ይስባል፤ ለፓወር ባንክ የተሠሩ ብዙ ሴሎች ደግሞ የተፈቀደላቸው 10 አምፔር ወይም ከዚያ በታች ነው። ሁለት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው ቮልቴጁ ወደ 8.4 ከፍ ሲል ጫናው ለሁለት የተካፈለ የሚመስላቸው አሉ፤ ሽቦው 0.4 ኦም ከሆነ አሁንም በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የሚያልፈው 21 አምፔር ነው። በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚቆጣጠረው መሣሪያም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። 80 ዋት እንዲሰጥ ሲታዘዝ ሴሉ በ4.2 ቮልት ላይ እያለ 19 አምፔር፣ ወደ 3.2 ሲወርድ ግን 25 አምፔር ይስባል። ባትሪው እየደከመ በሄደ ቁጥር የሚጠየቀው እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው። ሰሌዳ የሌለው፣ ሴሉን ከሽቦው ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ዓይነት ደግሞ የሚያስቆመው ምንም ነገር የለውም።

ብዙውን ጊዜ ግራ የሚያጋባው ብልሽት የሚገለጸውም በዚሁ ነው። መሣሪያው ባትሪው ደክሟል እያለ ይቆማል፤ ሴሉ ወጥቶ በተለምዶ ቴስተር በሚባለው መለኪያ ሲለካ ግን 3.7 ወይም 3.8 ቮልት ያሳያል። ተጠቃሚውም መሣሪያው ነው የተበላሸው ብሎ ይደመድማል። እውነታው ግን ሴሉ ሲያርጅ በውስጡ ያለው ተቃውሞ ስለሚጨምር፣ ሥራ ላይ ሲሆን ቮልቴጁ በአንድ ጊዜ ይወርድና ሲያርፍ መልሶ ይነሣል። ስለዚህ ትክክለኛው ምርመራ ሁለት ልኬት የሚጠይቅ ነው፤ አንዱ ባትሪው ካረፈ በኋላ፣ ሌላው መሣሪያው እየሠራ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአዲስ ሴል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከሰፋ የሴሉ ዕድሜ አልቋል። ይህ በላፕቶፕም፣ በተሽከርካሪም፣ በእጅ መብራትም ያው ነው። 40 በመቶ ያሳይ የነበረ የእጅ ስልክ በድንገት የሚጠፋው ከዚህ በተለየ ምክንያት አይደለም።

ጨርሶ የማይሞላ ባትሪ ሲያጋጥም ቅደም ተከተሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ገመዱና ቻርጀሩ በሌላ ይሞከራል፤ ቀጥሎ በድሬዳዋ አቧራ የሚያዙት መገናኛ ነጥቦች ኃይሉ ጠፍቶ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋሉ። ከዚያ በኋላ ቮልቴጁ ይለካል። የተለመደው ሊቲየም አዮን ሴል ከ2.5 ቮልት በላይ ከሆነ ችግሩ ምናልባት በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሴል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ደረጃ በውስጡ ያለው የመዳብ ስስ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል፤ ኃይል ሲሰጠው የሟሟው መዳብ እንደገና ይጠነክርና በሁለቱ ወገኖች መካከል ድልድይ ይሠራል። ሴሉን በሌላ ባትሪ በቀጥታ አነቃቅቶ መመለስ የሚባለው ዘዴ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ባትሪው የተነሣ ይመስላል፣ ከሳምንታት በኋላ ቻርጅ ላይ እያለ ከውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

በተከታታይ በተያያዘ ባትሪ ውስጥ የደከመውን አንዱን ሴል ብቻ በአዲስ መተካትም እንዲሁ ቁጠባ ይመስላል እንጂ አይደለም። አዲሱና አሮጌዎቹ እኩል ስለማይሞሉና እኩል ስለማያልቁ፣ ቀድሞ የሚሞላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ቀድሞ የሚያልቀው ከልክ በታች ይወርዳል። ለየብቻ ሴል በሚቀበሉ መሣሪያዎች ሁለቱን በአንድ ቀን መግዛት፣ ሁልጊዜም አብሮ መጠቀምና አብሮ መሙላት ተገቢ ነው። የሴሉ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ከተቀደደ ሴሉ ምንም ያህል ደህና ቢሆን ሽፋኑ ሳይተካ ወደ መሣሪያ መመለስ የለበትም፤ የሴሉ ቆርቆሮ አካል ከላይ እስከ ታች ኔጋቲቭ በመሆኑ ከፖዘቲቩ የሚለየው በአናቱ ላይ ያለው ትንሽ ክፍተት ብቻ ነው። በኪስ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር የተቀመጠ ሴል የሚቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥገናው የሚያበቃበት ድንበር ደግሞ በዓይን፣ በእጅና በአፍንጫ የሚታወቅ ነው። ባትሪ ካበጠ በውስጡ ጋዝ ተፈጥሯል። ባልተሠራበት ጊዜ የሚሞቅ ከሆነ ከውስጥ ሾርት አለው። ጣፋጭ ወይም የቀለም ማቅለሚያ ዓይነት ሽታ ካለው ፈሳሹ እየወጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ መበሳት፣ መጫን፣ መበየድ ወይም እንደገና መሙላት አይገባም። በሴሉ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ 130 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል፣ የአንዱ ሴል እሳትም ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። የፎስፌቱ ዓይነት በዚህ ረገድ የተሻለ ጽናት ቢኖረውም ጨርሶ አይቃጠልም ማለት አይደለም። ለተነሣው እሳት የዱቄትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ነበልባሉን ለጊዜው ቢያበርድም ሴሉን ስለማያቀዘቅዘው እንደገና ይነሣል። ለስልክና ለላፕቶፕ መጠን ላለው ባትሪ ዕቃው ከኤሌክትሪክ መስመር ከተነቀለ በኋላ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ይሻላል። ጭሱ መርዛማ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የያዘ በመሆኑ ክፍሉን ለቅቆ መውጣት ይቀድማል። የተሽከርካሪ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሥራው የእሳትና አደጋ መከላከል ባለሙያዎች ነው።

የሊቲየም ባትሪ አደጋ ለአገራችን ተቋማትም እንግዳ አይደለም። በጥር ወር 2005 ዓ.ም. በጃፓን አየር መንገዶች ሁለት ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ላይ በደረሰ የባትሪ ችግር በመላው ዓለም 50 ያህል አውሮፕላኖች ከበረራ ሲታገዱ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አራት ድሪምላይነሮችም አብረው ቆመዋል። በቦስተን የቆመው አውሮፕላን ላይ የተደረገው ምርመራ በአንዱ ሴል ውስጥ የተፈጠረ ሾርት ወደ ሌሎቹ መዛመቱን አረጋግጧል። በማሻሻያው በሴሎቹ መካከል መለያ ተጨምሮ፣ ባትሪው በማይዝግ ብረት ሣጥን ተከቶና ጋዙ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ተሠርቶለት፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር ከዓለም የመጀመሪያው ሆኗል። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማለትም ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ሂትሮው ቆሞ በነበረ የአየር መንገዱ 787 ላይ ሰው በሌለበት ቃጠሎ ተነሣ። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻው ዋናው ባትሪ ሳይሆን የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው ቻርጅ የማይደረግ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን፣ የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨምቀው ሾርት ማድረጋቸውን ገልጸዋል። በመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት አውሮፕላን በአንዲት ትንሽ ሣጥን ክዳን ሥር በተቆነጠጠ ሽቦ መጎዳቱ፣ ላፕቶፕ ፈትቶ ሲገጥም ሽቦውን የትም ለሚያሳልፍ ጠጋኝ የሚነግረው ብዙ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ትኩረት የሚያሻው ሌላው ስፍራ ንብረት ክፍል ነው። አገልግሎት የማይሰጡ ላፕቶፖችና ስልኮች የማስወገድ ውሳኔ እስኪሰጣቸው ድረስ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ተከማችተው መቆየታቸው የተለመደ ነው። በስፋት የሚጠቀሱ የላቦራቶሪ ልኬቶች እንደሚያመለክቱት ሙሉ ሆኖ በ40 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት የተቀመጠ የኮባልት ዓይነት ባትሪ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ 40 በመቶ ተሞልቶ የተቀመጠው የሚያጣው ከዚያ ግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ገና የሚያገለግል ዕቃ ሲቀመጥ ሙሉም ባዶም ሳይሆን በመካከለኛ መጠን ተሞልቶ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ቢሆን ለንብረቱም ለሕንፃውም ይበጃል። ያበጠውን ግን ከወረቀት መዛግብት አጠገብ አርቆ፣ በአሸዋ በተሞላ የብረት ዕቃ ለብቻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዝርዝር ቆጠራ ላይ አገልግሎት የማይሰጥ ተብሎ በአንድ መስመር ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር መመዝገቡ በቂ አይደለም።

ለመወገድ የተወሰነውን ባትሪ ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣልም ሕግ የማይፈቅደው ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 ጉዳዩን የሚመለከቱ ናቸው። ባትሪው ከመላኩ በፊት ጫፎቹ በፕላስተር ቢሸፈኑ በጉዞ ላይ እርስ በርስ ተነካክተው ከመቃጠል ይድናሉ።

በግዢ በኩል ዝርዝር መግለጫ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ከአቅምና ከዋጋ በተጨማሪ ሁለት ነገሮችን ቢጠይቁ ብዙ ጣጣ ይቀራል፤ እነሱም የሴል ደኅንነትን የሚመለከተው አይ.ኢ.ሲ. 62133 እና የማጓጓዝ ደኅንነትን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት 38.3 የተሰኘው ፈተና ማረጋገጫዎች ናቸው። በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ዕቃ በሞቃት ኮንቴይነር ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ ቀላል ባለመሆኑ፣ በርክክብ ወቅት ከየካርቶኑ ጥቂት ናሙና አውጥቶ ማበጡንና ቮልቴጁን ማየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ለሥራ የሚጓዙ ሠራተኞችም ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንደማይፈቀድ ማወቅ ይገባቸዋል። መለኪያው ዋት ሰዓት ሲሆን እስከ 100 ያለው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ይሁንታ ይጠይቃል። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ 20 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለ1 ሺህ ሲካፈል 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። በላዩ ላይ ምንም ቁጥር ያልተጻፈበት ከሆነ ግን በፍተሻ ላይ ሊያዝ ይችላል።